የቀድሞ አምበሉን ሸኝቶ መልሶ አሠልጣኝ ያደረገው ክለብ

በ2016 የውድድር ዓመት ማብቂያ ላይ በአውስትራሊያ ሜልቦርን ከተማ የሚገኘው የሆውቶርን እግር ኳስ ክለብ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋችነትን ሽልማት ለአማካዩ ሳም ሚቼል ሰጠ። ሚቼል ይህን ሽልማት ሲወስድ ለአምስተኛ ጊዜ ነበር። ክለቡን በአምበልነት መርቶ የ2008 ዋንጫን አንሥቷል፤ በ2013፣ በ2014 እና በ2015 ደግሞ ሦስት ዋንጫዎችን ጨምሯል፤ የክለቡን መለያ ለብሶም 307 ጨዋታዎችን አድርጓል። ከሽልማቱ ብዙም ሳይቆይ ክለቡ ይህንኑ ተጫዋች በሀገሪቱ ሌላኛው ዳርቻ ለሚገኘው ለዌስት ኮስት አሳልፎ ሰጠው። በዚያው የዝውውር ወቅት የአራቱም ዋንጫዎች ባለቤት የነበረው ጆርዳን ሉዊስም ወደ ሜልቦርን ክለብ ተሸኘ።

የዓመቱ ምርጥ ብሎ የሸለሙትን ሰው በዚያው ዓመት መሸኘት ለደጋፊው ግራ የሚያጋባ ነበር። በአውስትራሊያ እግር ኳስ ግን ውሳኔው ያለ ምክንያት አልተላለፈም። ምክንያቱን ለመረዳት በቅድሚያ የጨዋታውን ጠባይ፣ ቀጥሎም ክለቦች ተጫዋች የሚያገኙበትን ሥርዓት ማወቅ ያስፈልጋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአውስትራሊያ እግር ኳስ እኛ ከምናውቀው እግር ኳስ የተለየ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሕጎቹ በሜልቦርን የተጻፉት በ1859 ነው። ሜዳው እንቁላል ቅርጽ አለው፤ ኳሱም ሞላላ ነው። ከእያንዳንዱ ቡድን 18 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። በሜዳው በሁለቱም ጫፍ አራት አራት ምሰሶዎች ተተክለዋል፤ በመካከለኞቹ ሁለት ምሰሶዎች መካከል በእግር ተመትቶ ያለፈ ኳስ ስድስት ነጥብ ያስገኛል። ኳሱ በመካከለኛውና በውጭኛው ምሰሶ መካከል ካለፈ ግን የሚያስገኘው አንድ ነጥብ ብቻ ነው። ተጫዋቹ ኳሱን ይዞ መሮጥ፣ በእግሩ መምታት ወይም በአንድ እጁ ይዞ በሌላኛው ጡጫ መትቶ ማቀበል ይችላል፤ መወርወር ግን ክልክል ነው። ቢያንስ 15 ሜትር የተጓዘን ኳስ መሬት ሳይነካ በአየር ላይ የጨበጠ ተጫዋች ያለ ማንም ከልካይ የመምታት መብት ያገኛል።

ከሁሉ በላይ ለአሠልጣኞች ትልቅ ትርጉም ያለው ነገር በዚህ ጨዋታ ኦፍሳይድ አለመኖሩ ነው። ተጫዋቹ በፈለገው የሜዳ ክፍል መቆም ይችላል። በዚህም ምክንያት ለረጅም ዘመን የጨዋታው ስልት አንድ ለአንድ መያያዝ ነበር፤ እያንዳንዱ ተከላካይ የራሱን አጥቂ እየተከተለ ይውላል። አንድ አማካይ በአንድ ጨዋታ ከ12 ኪሎ ሜትር በላይ መሮጡም የተለመደ ነው። በሌላ በኩል በአንድ ጨዋታ የሚፈቀደው የተጫዋች ቅያሪ በ2014 በ120 ተገድቦ ነበር፤ በ2016 ወደ 90፣ በ2021 ደግሞ ወደ 75 ዝቅ ብሏል። ቅያሪው ባነሰ ቁጥር በሜዳ ላይ ያለው ተጫዋች የሚያርፍበት ጊዜ ያንሳል። ስለዚህ አሠልጣኙ ስለ ስልት በሚያስብበት ሰዓት ስለ ዕድሜም አብሮ ማሰብ ግዴታው ነው።

ወደ ሥርዓቱ ስንመጣ፣ በሊጉ ባለጸጋ ክለብ ገንዘቡን አፍስሶ ምርጥ ተጫዋቾችን ሁሉ መሰብሰብ አይችልም። ክለቦች ለተጫዋቾቻቸው የሚከፍሉት ጠቅላላ ደመወዝ ጣሪያ አለው። በተጨማሪም ከ1986 ጀምሮ ድራፍት የሚባል ዓመታዊ ምልመላ አለ። ከመላ ሀገሪቱ የተገኙ፣ አብዛኞቹ 18 ዓመት የሞላቸው ወጣቶች በዝርዝር ይቀርባሉ፤ ክለቦችም ተራ በተራ ይመርጣሉ። ቀድሞ የመምረጥ ዕድል የሚሰጠው በደረጃ ሰንጠረዡ ግርጌ ላጠናቀቀው ክለብ ነው። ወጣቱ ክለቡን አይመርጥም፤ ሜልቦርን ተወልዶ ያደገ ልጅ ከቤተሰቡ በሺሕ የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮችን ርቆ ወደ ፐርዝ ሊሄድ ይችላል። በኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ እንዲህ ያለ አሠራር ስለሌለ ነገሩ ለእኛ አንባቢ እንግዳ ሊሆን ይችላል። ከድራፍቱ መደበኛ ተራ ከሚለዩት አንዱ አባቱ ለክለቡ 100 እና ከዚያ በላይ ጨዋታ ያደረገ ልጅ ነው፤ እንዲህ ያለውን ልጅ የአባቱ ክለብ በቅድሚያ የመውሰድ መብት አለው።

የሥርዓቱ ዓላማ የወደቀው እንዲነሣ፣ የተነሣውም ለዘለዓለም ከላይ እንዳይቀመጥ ማድረግ ነው። የራሱ ችግር ግን አለው። መጨረሻ መውጣት የመጀመሪያውን ምርጥ ወጣት የሚያስገኝ ከሆነ፣ መሸነፍ በራሱ ጥቅም ይኖረዋል ማለት ነው። የሊጉ አስተዳደር በ2013 በሜልቦርን ክለብ ላይ የ500 ሺሕ ዶላር ቅጣት ያስተላለፈው ከዚህ ጋር በተያያዘ ነበር። ምርመራው ክለቡ በ2009 ሆን ብሎ ጨዋታ ለቅቋል የሚል ድምዳሜ ላይ አልደረሰም፤ ሆኖም የክለቡ ሰዎች አድራጎት የውድድሩን ጥቅም የሚጎዳ ነበር ተብሎ ቅጣቱ ተጥሏል። የዓመት መዋጮውን ከፍሎ፣ በክረምት ብርድ ልጁን ይዞ ስታዲየም የሚገባ ደጋፊ ቡድኑ ለማሸነፍ መጫወቱን ከተጠራጠረ የሚቀረው ነገር ጥቂት ነው።

ሆውቶርን በ2004 ከነበሩት 16 ክለቦች 15ኛ ሆኖ አጠናቀቀ። በዚያ ዓመት ድራፍት በሁለተኛ፣ በአምስተኛ እና በሰባተኛ ተራ ጃሪድ ራፍሄድን፣ ላንስ ፍራንክሊንን እና ጆርዳን ሉዊስን መረጠ። ሦስቱም በኋላ የክለቡ ምሰሶ ሆነዋል። በዚያው ጊዜ አላስተር ክላርክሰን የተባለ፣ በዋና አሠልጣኝነት በሊጉ ሠርቶ የማያውቅ ሰው ቡድኑን እንዲመራ ተሾመ። የክላርክሰን ቡድን በ2005 በ14ኛ፣ በ2006 በ11ኛ ደረጃ ጨረሰ። ክለቡ ግን አሠልጣኙን አላሰናበተም።

ክላርክሰን ወጣቶቹን አንድ ለአንድ ከማያያዝ ይልቅ ቦታ እንዲጠብቁ አሠለጠናቸው። ተጋጣሚው ኳስ ሲይዝ የሆውቶርን ተጫዋቾች ሰው ሳይሆን ሜዳ ይከፋፈላሉ፤ የሚቀጥለው ምት ሊደርስበት የሚችለውን ስፋት በሙሉ እንደ መረብ ይሸፍናሉ። ኳሱ ወደ ግራ ሲሄድ መረቡ በሙሉ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ሲሄድ ወደ ቀኝ ይንሸራተታል። ኳስ የያዘው ተጋጣሚ የሚያቀብለው ነጻ ሰው ያጣል፤ ሳይወድ በግዱ ኳሱን ወደ ተሰበሰበው ሕዝብ ይለጋዋል፤ ሆውቶርንም ነጥቆ መልሶ ያጠቃል። የአውስትራሊያ ጋዜጦች ስልቱን “የክላርክሰን ክላስተር” ብለውታል። ቃሉ ለሀገራችን አርሶ አደር እንግዳ አይደለም፤ ማሳን አጎራብቶ በኩታገጠም ማረስ ክላስተር ሲባል ኖሯል። ሐሳቡም ይቀራረባል፤ እያንዳንዱ ለብቻው ከሚደክም ይልቅ ጎን ለጎን ሆኖ አንድ ሰፊ ቦታ መያዝ ነው። አንዱ ተጫዋች በድካም ወይም በስንፍና ቦታውን ከለቀቀ ግን መረቡ በሙሉ ይቀደዳል። ስልቱ ሳይታክቱ የሚሮጡ፣ የታዘዙትን የሚያደርጉ ወጣቶችን የሚጠይቀው ለዚህ ነው። አሠልጣኙ ወጣቶችን የሰበሰበው ዕድሜያቸው ትንሽ ስለሆነ ብቻ አልነበረም፤ ያሰበው ጨዋታ ሌላ ዓይነት ሰው ስለማይሠራው ነው።

በ2008 የፍጻሜ ጨዋታ ሆውቶርን የገጠመው በመደበኛው ውድድር አንድ ጊዜ ብቻ የተሸነፈውን ጂሎንግን ነበር። ሆውቶርን 115 ለ89 አሸነፈ። ውጤቱ ሲተነተን ነገሩ ይበልጥ ያስደንቃል፤ ሆውቶርን 18 ባለስድስት ነጥብ ግብ እና ሰባት ነጠላ ነጥብ ሲያስቆጥር፣ ጂሎንግ 11 ግብ እና 23 ነጠላ ነጥብ አስመዝግቧል። ከጂሎንግ ነጠላ ነጥቦች 11ዱ የሆውቶርን ተከላካዮች ራሳቸው ኳሱን በገዛ መስመራቸው አሳልፈው የሰጧቸው ናቸው። ስሌቱ ቀላል ነበር። አንድ ነጥብ ከተቆጠረ በኋላ ጨዋታውን ከግብ ክልሉ የሚጀምረው ተከላካዩ ቡድን ነው፤ ስለዚህ በጭንቅ ጊዜ አንዲት ነጥብ ሰጥቶ ኳሱን በሰላም መረከብ ስድስት ነጥብ ከማጣት ይሻላል። ሕጉ አይከለክልም ነበርና ክላርክሰን ተጠቀመበት። የሊጉ አስተዳደር በቀጣዩ ዓመት ሕጉን ለውጦ ሆን ብሎ ኳስን በራስ መስመር ማሳለፍን በቅጣት ምት የሚያስቀጣ ጥፋት አደረገው።

ዋንጫው ከተገኘ በኋላ ሌሎች አሠልጣኞች መረቡን አጥንተው መቅደጃውን አገኙ፤ ሆውቶርን በ2009 የፍጻሜ ምድቡን እንኳ ሳይቀላቀል ቀረ። ክላርክሰን ሁለተኛውን ዙር እድሳት የጀመረው ያን ጊዜ ነው። የዚህ ዙር መንገድ የመጀመሪያው ተቃራኒ ነበር፤ የጎደለውን ቦታ ከሌሎች ክለቦች በመጡ በሳል ተጫዋቾች ሞላው። ጆሽ ጊብሰን ከኖርዝ ሜልቦርን፣ ሾን ቡርጎይን ከፖርት አደሌድ፣ ጃክ ጋንስተን ከአደሌድ፣ ብራያን ሌክ ከዌስተርን ቡልዶግስ መጡ። ሌክ በ2013 የፍጻሜ ጨዋታ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ሲመረጥ 31 ዓመቱ ነበር። ስልቱም ከእነርሱ ጋር ተለወጠ፤ ቡድኑ ከመሮጥ ይልቅ ኳሱን በአጭርና በትክክለኛ ምት ለረጅም ጊዜ መያዝን መረጠ።

ገበሬ ወይፈን ሲያለማምድ ሁለት ወይፈን በአንድ ቀንበር አያጠምድም፤ ትልሙን ከሚያውቅ በሬ ጎን ያቆመዋል። የክላርክሰን የ2013 ስብስብ ይህን ይመስል ነበር። በ2004 የተመለመሉት ልጆች ጎልምሰዋል፤ ከጎናቸው ሌላ ቤት ያረሱ በሳሎች ቆመዋል፤ ከኋላቸው ደግሞ አዳዲስ ወጣቶች ይከተላሉ። የዚህ አደረጃጀት ጥንካሬ የታየው ትልቁ ግብ አስቆጣሪ ላንስ ፍራንክሊን ሲለቅ ነው። ፍራንክሊን በ2013 መጨረሻ ለዘጠኝ ዓመት በ10 ሚሊዮን ዶላር ወደ ሲድኒ ሄደ። በቀጣዩ ዓመት ፍጻሜ ሆውቶርን ፍራንክሊን የተሰለፈበትን ሲድኒን 137 ለ74 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። በ2015ም ደገመ።

የ2016ቱ ውሳኔ የመጣው ከዚህ ሁሉ ድል በኋላ ነው። ክለቡ ሳም ሚቼልን እና ሉዊስን ሲሸኝ በልዋጩ ያገኘው የድራፍት ተራ እጅግ ጥቂት ነበር። በሊጉ ሕግ ውል ያለው ተጫዋች ያለፈቃዱ አይዛወርም፤ ነገር ግን ክለቡ ራሱ በሩን ከፍቶ ሲያሳይ አንድ ተጫዋች በኩራት ሊቀመጥ የሚችልበት ሁኔታ ጠባብ ነው። ዓላማው የደመወዝ ቦታ ማስለቀቅና በዕድሜ የተሻሉ አማካዮችን ማስገባት ነበር፤ ቶም ሚቼል ከሲድኒ፣ ጄገር ኦሚራ ከጎልድ ኮስት መጡ። ቶም ሚቼል ከሳም ጋር የስም ሞክሼ እንጂ ዘመድ አይደለም።

ውጤቱ ግማሽ ነበር። ቶም ሚቼል በ2018 የሊጉን ትልቁን የግል ሽልማት፣ የብራውንሎው ሜዳሊያን አሸነፈ፤ ቡድኑም በዚያ ዓመት ከአራቱ አንዱ ሆነ። ነገር ግን ለእነዚህ ዝውውሮች ክለቡ የከፈለው ወጣት የሚመረጥበትን የድራፍት ተራ ነበር። የመጪውን ዓመት ዘር ሸጦ የዘንድሮን እህል እንደመግዛት ያለ ነገር ነው፤ ለአንድ ክረምት ያጠግባል። በ2019 ሆውቶርን 9ኛ፣ በ2020 15ኛ፣ በ2021 14ኛ ሆነ።

ከሆውቶርን ብዙም በማይርቀው የካርልተን ክለብ የታየው ደግሞ ሌላ ነው። ካርልተን የደመወዝ ጣሪያን ጥሶ በመገኘቱ በ2002 የ930 ሺሕ ዶላር ቅጣት ተጥሎበት የድራፍት ተራዎቹንም ተነጥቋል። ከዚያ በኋላ በነበሩት የውድቀት ዓመታት በ2005፣ በ2006 እና በ2007 በተከታታይ ሦስት ጊዜ የሀገሪቱን አንደኛ ወጣት የመምረጥ ዕድል አገኘ። ይህን ያህል ዕድል ያገኘ ክለብ ጥቂት ነው። ሆኖም ለመጨረሻ ጊዜ ዋንጫ ያነሣው በ1995 ነው። ልጆቹ ደካሞች አልነበሩም፤ ክለቡ ግን ከ2007 እስከ 2021 ባሉት ዓመታት አሠልጣኞችን ደጋግሞ ቀያየረ። አንዱ አሠልጣኝ ለመረጠው አጨዋወት የተመለመለ ወጣት፣ በሌላው ሐሳብ ውስጥ ቦታ ያጣል። ክላርክሰን በሆውቶርን 17 ዓመት መቆየቱ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር የድራፍት ተራ ብቻውን የማያስገኘውን ነገር ያሳያል።

ጂሎንግ ወደ ግርጌ ሳይወርድ የሚታደስ ክለብ ነው። አሠልጣኙ ክሪስ ስኮት ከ2011 ጀምሮ በቦታው አለ። በ2022 ሲድኒን በ81 ነጥብ ልዩነት አሸንፎ ዋንጫ ሲወስድ ያሰለፈው ቡድን በሊጉ ታሪክ በዕድሜ አንጋፋው መሆኑ ተነግሯል። የዕለቱ ምርጥ ተብሎ የተሸለመው አይዛክ ስሚዝም 33 ዓመቱ ነበር፤ ይህ ሰው ከዚያ በፊት የሆውቶርን ተጫዋች ነበር። ጂሎንግ አንጋፋዎቹን በዓመቱ መካከል እያሳረፈ ለወሳኙ ወቅት ያደርሳቸዋል፤ ወጣቶቹም በእረፍቱ ቦታ ጥቂት በጥቂት ይለማመዳሉ። በ2023 12ኛ ሆኖ ሲያጠናቅቅ ብዙዎች አበቃለት ቢሉም፣ በ2025 እንደገና ለፍጻሜ ደርሶ በብሪዝበን ተሸንፏል።

ወደ ሳም ሚቼል እንመለስ። በዌስት ኮስት አንድ ዓመት ተጫውቶ በቀጣዩ ዓመት በረዳት አሠልጣኝነት ሠራ፤ በ2019 ደግሞ ወደ ሸኘው ክለብ በረዳትነት ተመለሰ። በሐምሌ 2021 ሆውቶርን ሚቼል ከአንድ ዓመት በኋላ ክላርክሰንን እንደሚተካ አስታወቀ። ሁለት ሰው በአንድ ወንበር ማስቀመጥ እንደማይሆን ለመታየት ጊዜ አልፈጀም፤ ክላርክሰን በዚያው ዓመት መጨረሻ ለቀቀ፤ ሚቼልም በ2022 ቡድኑን ተረከበ።

በመጀመሪያው የውድድር ዓመቱ ማብቂያ ላይ ሚቼል በ2016 በእርሱ ላይ የተደረገውን በሌሎች ላይ አደረገ። የብራውንሎው አሸናፊውን ቶም ሚቼልን ወደ ኮሊንግውድ፣ ኦሚራን ወደ ፍሪማንትል፣ ጋንስተንን ወደ ብሪዝበን ሸኘ። አምበሉ ቤን ማክኤቮይም በዚያው ዓመት ጫማውን ሰቀለ። ከ2016ቱ የሚለየው ግን በለቀቁት ቦታ ሌላ የጎለመሰ ኮከብ አለመግዛቱ ነው። ቦታው ለልጆች ተሰጠ። በሊጉ በዕድሜ ትንሽ ከሆኑት ስብስቦች አንዱ የሆነው ቡድን በ2023 ሰባት ጨዋታ ብቻ አሸንፎ 16ኛ ሆነ፤ ቶም ሚቼል ደግሞ በዚያው ዓመት ከኮሊንግውድ ጋር ዋንጫ አነሣ። ለሆውቶርን ደጋፊ ይህን መመልከት ከባድ ነበር። በሌላ በኩል እነዚያ ልጆች በዚያው ዓመት ያንኑ ኮሊንግውድን አንድ ጊዜ አሸንፈውታል።

2024 ሲጀምር ሆውቶርን የመጀመሪያዎቹን አምስት ጨዋታዎች በተከታታይ ተሸነፈ። አሠልጣኙ ስልቱን አልለወጠም፤ ኳሱን በፍጥነትና በድፍረት ወደ ፊት ማንቀሳቀስ፣ ሲነጠቁም በትናንሽና ፈጣን አጥቂዎች ተጋጣሚን ማጨናነቅ ነበር ስልቱ። ከእነዚህ አጥቂዎች አንዱ በ2023 ድራፍት በአምስተኛ ተራ የተመረጠው ኒክ ዋትሰን ሲሆን ቁመቱ 170 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ረጃጅሞች በሚበዙበት ጨዋታ እንዲህ ያለ ልጅ በዚያ ተራ መምረጥ ድፍረት ይጠይቃል። አማካዩ ጃይ ኒውኮምብ ደግሞ በዋናው ድራፍት ሳይመረጥ ቀርቶ በ2021 በውድድር ዓመቱ አጋማሽ በሚደረገው ምልመላ የተገኘ ነው። ቡድኑ ከአምስቱ ሽንፈት ተነሥቶ በሰባተኛነት ወደ ማጣሪያው ገባ፤ ዌስተርን ቡልዶግስን አሸንፎ በፖርት አደሌድ በሦስት ነጥብ ብቻ ተሸነፈ።

ሚቼል ከልጆቹ ጎን የሚቆም በሳል ተጫዋች መጨመር የጀመረው ከዚህ በኋላና ከዚህ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ጋንስተን ከአንድ ዓመት የብሪዝበን ቆይታ በኋላ ለ2024 ተመልሶ መጥቷል። ለ2025 ደግሞ ተከላካዮቹ ቶም ባራስ ከዌስት ኮስት፣ ጆሽ ባትል ከሴንት ኪልዳ ተጨምረዋል። የዝውውሩ ቅደም ተከተል ከ2016ቱ የተገለበጠ ነው፤ መጀመሪያ ልጆቹ በሽንፈት ውስጥ ቦታቸውን ያዙ፣ የጎደለው ከታወቀ በኋላ በሳሎቹ ተገዙ። ቡድኑ በ2025 ከፍጻሜው አንድ ጨዋታ ብቻ ሲቀረው በጂሎንግ ተሸንፎ ወጥቷል።

አሁን በሜልቦርን የሚነሣው ጥያቄ ሌላ ነው። በ2015 የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገውና ቡድኑን በአምበልነት የመራው ጄምስ ሲስሊ 30 ዓመት አልፎታል፤ ጋንስተን ከእርሱም ይበልጣል። ሁለቱም መቼ እስኪደክሙ መጫወት እንዳለባቸው የሚወስነው፣ የዓመቱ ምርጥ ተብሎ በተሸለመበት ዓመት የተሸኘው ሳም ሚቼል ነው።